ለጊዜው የተመታ ሚስማር

የጥገና ክፍሌ ከመጋዘኑ ጥግ፣ ጭነት ከሚደረደርባቸው ባዶ የእንጨት ፓሌቶች ክምር ጀርባ ነው። ጉዳይ ካልኖረው በቀር እዚያ ድረስ የሚዘልቅ ሰው የለም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከሰው ጋር የማወራው እዚያ ነው፤ እሱም ዕቃ ሲሰበር። ቤት ስገባ የሚቀበለኝ የማቀዝቀዣው ድምፅ ነው። እሱንም አዳምጣለሁ።

ፓሌት ከነጭነቱ ተነሥቶ የሚጎተትበትን የእጅ ፓሌት ጃክ ሕመም የማውቀው በጆሮዬ ነው። ጎማው ሲበላ ያንኳኳል፤ ፓምፑ ዘይት ሲያንሰው ያቃስታል። ሰባት ቁጥር ጃክ የጋሽ ቀስ ነበረች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጭነት ሲያወርዱ የኖሩ፣ በአሥር ዓመት የሚበልጡኝ ሰው ናቸው፤ ዕቃ በተነሣ ቁጥር "ቀስ፣ ቀስ" ስለሚሉ ነው ስሙ የወጣላቸው።

አንድ ጠዋት የጃኳን እጀታ የሚይዘው ፒን ተሰበረ። ስፕሪንግ ፒን ይባላል፤ ከጣት አንጓ የማይረዝም፣ ጎኑ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ባዶ ብረት ነው። ቀዳዳው ውስጥ ተጨምቆ ሲገባ መልሶ ሊከፈት ይታገላል፤ የሚይዘውም ያ ትግሉ ነው። መለወጫ አልነበረኝም፤ የጭነት መኪናው ደግሞ ቆሞ ይጠብቃል። ሚስማር ቆርጬ መታሁበትና ለጊዜው ነው አልኳቸው።

ሚስማር አይታገልም፣ ይላላል። በማግስቱ ጋሽ ቀስ ጃኳን እየጎተቱ መጡና "ሐኪም፣ ታማሚዋ ሲያማት አደረች" አሉኝ። ሌላ ሚስማር ቆርጬ እስክመታ ድረስ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ስለ ጉልበታቸው፣ ካኮረፋቸው ዓመታት ስለሆነው ወንድማቸው አወሩኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መምጣት ሆነ። ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ከዚያች ሩብ ሰዓት ሌላ ቃል ሳልተነፍስ የምውልበት ቀን ብዙ ነበር።

ያዘዝኩት የፒን ካርቶን በሦስተኛው ሳምንት መጣ። አንዷን አውጥቼ በጣቶቼ ጨመቅኋት፤ አልበገር አለችኝ። ከዚያ ካርቶኑን መሳቢያ ውስጥ፣ ከጨርቅ ሥር አስገባሁት። ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ስወጣ ዛሬስ እቀይራለሁ እላለሁ። የጎማዋ ድምፅ ሲቃረብ እጄ ሚስማር ያነሣል።

ካርቶኑ ከመጣ ወር ሊሞላው ሲል፣ አንድ ረፋድ፣ የመጋዘኑ ድምፅ ሁሉ ቀጥ አለ። ሮጬ ስደርስ ጋሽ ቀስ በጀርባቸው ወድቀዋል፤ የተነቀለው እጀታ ደረታቸው ላይ ነው። ሙሉ ጭነት ወደ ኋላ ሲስቡ ሚስማሩ ተቆርጦ ነው። ግራ እጃቸው ተሰብሯል።

ክሊኒክ ወስጄ፣ እጃቸው በጄሶ ታሽጎ እስኪወጡ ጠበቅሁ። የሆዴን በሆዴ ይዤ ማደር አልቻልኩም።

"ፒኖቹ ከመጡ ወር ሊሆናቸው ነው" አልኳቸው። "የደበቅኋቸው እኔ ነኝ።"

ጄሶውን በቀኝ እጃቸው ደገፍ አደረጉ። "ካርቶኑን ከመኪና ያወረድኩት እኔ አይደለሁ እንዴ?"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"አንተስ ምነው ዝም አልክ?" ሊስቁ ሲሉ ደረታቸውን አመማቸው። "ሁለት ትልልቅ ሰዎች አንድ ሚስማር ላይ ተንጠልጥለን።"

ይቅር ብለውኛል። እጃቸው ሲጠገን ግን ጭነት አይሆንላቸውም ተባለና ዋናው በር ላይ ጥበቃ ተመደቡ። ፒኑን በዚያው ሰሞን መታሁት፤ በሁለት ምት ገባ። ሰባት ቁጥርን አሁን ሌላ ሰው ይስባታል። ሁለት ወር ሙሉ ወደ ክፍሌ ብቅ አላለችም። ሣጥኑ ባዶውን ተቀምጧል፤ አንዳንዴ አቧራውን እጠርገዋለሁ።

በሩ በእግር አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ግን ምን ብዬ ልሂድ? በዚያ በኩል የሚጠገን ነገር የለም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ዘንድ የሄድኩት መፍቻ ይዤ ነው።

ትናንት በምሳ ሰዓት ባዶ እጄን ሄድኩ። ጋሽ ቀስ ከጥበቃ ቤቷ መስኮት ከሩቅ አዩኝ።

"ምን ተሰበረ?" አሉኝ።

"ምንም አልተሰበረም።"

ግባ በሚል በእጃቸው ጠቆሙኝ። ወንበሩ አንድ ብቻ ነው፤ የጥበቃ ቤቷን በር ተደግፌ ቆምኩ። ወንድማቸው አሁንም እንዳልደወለ ነገሩኝ፤ ከዚያ የመኪና ጡሩንባ ተሰማና ዋናውን በር ሊከፍቱ ተነሡ።