እምሩ ከተሸኘ በኋላ

ወንድሜ እምሩ ዘንድሮ በግንቦት ዐረፈ። ለቅሶው ላይ የሰፈሩ ሰው ሲያስታውሰው ሁሉም የሚጀምረው ከሮማ ጉዞው ነበር፤ ሁሉም ደግሞ እያጣመመ ነው ያወራው። አንዱ «ዓመት ሙሉ ተደብቆ ነበር» አለ። ሌላዋ «አልጋ ሥር ነበር» አለች። ዓመትም አልሞላው፣ አልጋ ሥርም አልነበረም፤ ጓዳ ውስጥ ነበር፣ ያውም ደህና ፍራሽ ላይ። የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እኔው ልጻፈው። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ብቻዬን፣ ሽንኩርት ከምጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ነውና ጎርበጥ ካለ ታገሡኝ።

ጊዜው ደርግ ነው፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው። እኔ አትክልት ተራ ሽንኩርት እነግዳለሁ። እምሩ ፀጉር ቆራጭ ነው፤ ሱቁ ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብሎ ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ አብረን ነው የምንኖረው። እሱ ሚስት አላገባም። ለምን ሲባል «ሮማ ስደርስ» ይላል። አዲስ ጫማ ግዛ ሲባልም «ሮማ ስደርስ» ይላል። እጁ መቀሱ ላይ፣ አፉ ሮማ ላይ ነበር። እሱ ዘንድ የሚላጭ ሰው ጢሙን አስነክቶ እስኪነሣ ድረስ የሮማን አደባባዮች አንድ በአንድ ይዞራል።

«እዚያ እኮ ውሃው ፈልቶ ነው ከቧንቧ የሚወርደው። ዳቦ ያለ ሰልፍ ትገዛለህ። ከሁሉ በላይ ግን ማንም ሰው ወዴት ነህ፣ ከየት ነህ ብሎ አይጠይቅህም!»

ይቺን የመጨረሻዋን በጣም ይወዳታል። ግቢያችን ስድስት ቤት ነበረው፤ ከቧንቧው ውሃ ቀድቶ ለመመለስ ቢያንስ ለሦስት ሰው መልስ መስጠት ያስፈልጋል። በሩ አጠገብ የሚኖሩት እትዬ አልጋነሽ ደግሞ ድመት እንኳን ሳይመረምሩ አያሳልፉም። ከእምሩ ጋር ክርክራቸው የዕለት እንጀራቸው ነበር።

«እምሩ፣ እዚያ አገር ስትታመም ማነው የሚጠይቅህ?»

«ሐኪም ነዋ፣ እትዬ።»

«ሐኪምማ ደመወዝ አለው። ስትሞትስ?»

«መኪና አለ። ጥቁር፣ ረጅም፣ የሚያብረቀርቅ። ወስዶ ይቀብርሃል።»

«አልቃሹስ?»

«እዚያ ሰው በልቡ ነው የሚያለቅሰው።»

«በልቡ!» ብለው ነጠላቸውን እንደገና ያጣፋሉ። «እኔ ምን አጥፍቼ ነው በልብ የሚለቀስልኝ? እዚሁ በአፍ በአፍንጫ ይለቀስልኝ!»

በመጨረሻ ሮማ የሚኖረው የአጎታችን ልጅ መድኃኔ የጥሪ ወረቀት ላከለት። በዚያን ጊዜ ከአገር መውጣት የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል፤ እምሩ ስንት ወር ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተ። አንድ ሰኞ ጸሐፊው «አልቋል፤ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው፤ ቅዳሜ ጠዋት መጥተህ ውሰድ» አለው። እምሩም ለቅዳሜ ከሰዓት የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጠ። ወረቀቱ እጅህ ሳይገባ አትቁረጥ ብለው አልሰማኝም።

ሰው ወደ ውጭ አገር ሲሄድ ሳይሸኝ አይሄድም። ዓርብ ጾም ነውና በጉ ሐሙስ ታረደ። ግቢው በሙሉ አዋጣ። ረሂማ፣ በሩ ላይ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን፣ ስኳር ከየት እንዳመጣች አልነገረችንም፤ አመጣች። ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በርበሬ በየከረጢቱ ተሰፋ። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ አባይነህ ንግግር አደረጉ፤ ሮማ ላይ አገራችንን እንዳያሰድብ አደራ አሉት። እምሩ የሱቁን ወንበርና መስታወት ለአርአያ ለቀቀለት። አርአያ ጦር ሰፈር ውስጥ ምልምል ወታደር ሲላጭ የኖረ ሰው ነው። እትዬ አልጋነሽ አቅፈውት ሲያለቅሱ ትከሻው ራሰ፤ በመሃል በመሃሉ «ልብህ ደንጊያ!» እያሉ ይመቱታል።

ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣውን ይዘን እኔና እሱ ቢሮው ሄድን። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየንና «ፈራሚው ክፍለ ሀገር ወርደዋል» አለ።

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ሲመለሱ።»

አውሮፕላኑ ሄደ። እኛ አንድ ቡና ቤት ጓሮ ሻንጣው ላይ ተቀምጠን ቀረን።

«በቃ ቤት እንግባ» አልኩት። «ዘግይቷል በላቸው።»

«የሺ፣ በጉን በልተዋል እኮ!»

የተሸኘ ሰው እንዲህ ነው። ተበልቶለት፣ ተጠጥቶለት፣ ተለቅሶለት በማግስቱ ሲጋራ ሊገዛ ሱቅ ብቅ አይልም። ከእኛ ጀርባ ባለው ሰፈር ይህ የደረሰበት ሰው ነበር፤ አራዶች ስሙን «ትራንዚት» አሉት። ሚስቱ የትራንዚት ሚስት፣ ልጆቹ የትራንዚት ልጆች ሆነው ቀሩ። እምሩ ይህን ከመስማት ሞቱን ይመርጥ ነበር። «ፈራሚው በሳምንት ይመለሳል፤ እስከዚያ ጓዳ ልግባ» አለኝ። ያን ዕለት ከሰዓት ቀበሌው ሕዝቡን ሰብስቦ ስለነበር ግቢው ባዶ ነው። ሻንጣውን እንደያዘ ገባ።

ፈራሚው በሳምንት አልተመለሱም። በሁለትም አልተመለሱም፤ ሳምንቱ ወደ ሦስት ወር ተጠጋ።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ሊሄድ ነው ተብሎ ስሙ ቀበሌ ካለው የቤታችን መዝገብ ተሰርዟል። ያኔ ያልተመዘገበ ሰው ቤቱ ውስጥ የተገኘበት ምን እንደሚደርስበት ማንም ያውቃል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ካሣሁን ቢይዘን ምን እንላለን? «ለምን ተደበቀ?» ሲለኝ «አፍሮ» ብለው ያምነኛል?

ለሮማ የተሰፋውን ድርቆሽ እዚሁ ፒያሳ፣ ጓዳችን ውስጥ ጨረስነው። መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ስለዚህ ንጋት ላይ ቀሚሴን ለብሶ ነጠላዬን ተከናንቦ ይወጣል። አንድ ቀን እትዬ አልጋነሽ ከበራቸው ጠሩኝ።

«የሺዓለም፣ ዛሬ ጠዋት ረዝመሽ አየሁሽ።»

«ጫማው ነው፣ እትዬ።»

«በባዶ እግርሽ ነበርሽ።»

እግሬን ከቀሚሴ ሥር ደበቅኩ። እሳቸው ወደ ቤት ገብተው ወጡ። ከዚያ ወጥ በሳህን ሰጡኝ። ብቻዬን ለምኖር ሴት ብዙ ነበር።

ረሂማ ሱቅም እንዲሁ ነው። እምሩ ያለ ኒያላው መዋል አይችልም። ሲጋራ ስጠይቃት ፊቷን ቅጭም አድርጋ፦

«ጀመርሽ እንዴ?»

«ጥርሴን አሞኝ ነው። ጢሱ ያደነዝዛል ብለውኝ።»

«እኔን! በቀን አንድ ፓኮ የሚያስጨርስ ጥርስ እንዴት ያለ ነው? መንጋጋሽን በሙሉ ነው የሚያምሽ።»

እሱ ደግሞ ጓዳ ቁጭ ብሎ ተለወጠ። ማታ ከገበያ ስገባ ገና በሩን ሳልዘጋ በሹክሹክታ «አገር ቤት እንዴት ዋለ?» ይለኛል። መጀመሪያ ቀልዱን መስሎኝ ሳቅኩ። ቀልዱን አልነበረም። የማን ቧንቧ ተበላሸ፣ ጋሽ አባይነህ ከማን ጋር ተጣሉ፣ ሁሉንም ካልነገርኩት አያስተኛኝም። ሁለት መታጠፊያ ወርዶ ያለ ማኪያቶ ናፈቀው። በመስኮቱ ስንጥቅ መንገዱን ሲያይ ይውላል፤ እዚያም መከራውን ያያል፤ ደንበኞቹ በሙሉ አርአያ እጅ ገብተው እንደ ምልምል ተላጭተው ያልፋሉ።

«ተመልከቺ የዚህን ሰውዬ ማጅራት!» ይላል እጁን እየነከሰ። «ይሄ ሰው ሚስት አለው እኮ!»

«ምን ቸገረህ» እለዋለሁ። «ይኸው እንደ ምኞትህ ማንም ወዴት ነህ ከየት ነህ ብሎ የማይጠይቅህ አገር ገብተሃል። እንዴት ነው፣ ተስማማህ?»

አኩርፎኝ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ጋዜጣ ይዞራል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የእድሩ ጡሩምባ ተነፋ። ለፋፊው በራችን ላይ ቆሞ የሟችን ስም ጠራ፤ እትዬ አልጋነሽ። ሌሊቱን በእንቅልፋቸው አልፈው ነው። እኔ ነጠላዬን ፈልጌ ሳላገኝ እምሩ ሱሪውን ታጥቆ ቆሟል።

በሩ ላይ ተጋረድኩበት። «ወዴት ነህ?»

«ለቅሶ ነዋ!»

«አንተ እዚህ የለህም! ሮማ ነህ! ብትወጣ ትራንዚት ነው የሚሉህ፤ ካሣሁን ደግሞ ሁለታችንንም ይወስደናል።»

«የሺ» አለኝ፤ ድምፁ እንደ ድሮው ነበር፣ ሹክሹክታ አልነበረም። «ጓዳ ቁጭ ብዬ በልቤ ላልቅስላቸው?»

ከበሩ ዞር አልኩ።

ግቢው መሃል ድንኳን ሲተከል ወጣ። ፀጉሩ ጆሮውን ሸፍኗል፣ ጢሙ አድጓል፤ ፊቱ ፀሐይ ካየ ስለቆየ ነጣ ብሏል። ደረቱን እየመታ «ወይኔ እትዬ! ማን ወዴት ነህ ይበለኝ! ከየት መጣህ ብሎ ማን ያስጨንቀኝ!» እያለ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ሙሾ አውርዶ የማያውቅ ሰው ያን ቀን ያወረደውን እኔ እስከዛሬ ለማንም ማውረድ አልቻልኩም። ሰው ሁሉ አለቀሰ። ሬሳውንም ጴጥሮስ ወጳውሎስ እስኪደርስ ከትከሻው አላወረደም።

ከቀብር መልስ ድንኳን ተቀመጥን። እኔ ሳህን ይዤ የሰዉን አፍ አፍ አያለሁ፤ ማን ቀድሞ ትራንዚት ይለው ይሆን? ጋሽ አባይነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እምሩ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?»

እምሩ ቀና አለ። ማንም አልሳቀም።

«ደህና ነበር፣ ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ።

«አየሩ ተስማምቶሃል፤ ነጣ ብለሃል።»

«ይበርዳል መሰለኝ» አለች ረሂማ ንፍሮ እያዞረች። «ሲጋራ ያስበዛል።»

«ለጎረቤቱ ለቅሶ ከሮማ ድረስ የመጣ ሰው አይተን አናውቅም» አሉ ጋሽ አባይነህ። «እግዜር ይስጥህ። ለመሆኑ እዚያ አገር ፀጉር ቆራጭ የለም?»

ያኔ መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ፤ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ በነጠላው አፉን ያዘ። የሟች ልጅ ሳትቀር ፊቷን ሸፍና ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሁሉም ያውቁ ነበር፤ እትዬ አልጋነሽ ቤት ለቤት ዞረው «እንዳታሳፍሩት» ብለዋል ለካ።

ሳቁ ሳያልቅ ድንኳኑ ጸጥ አለ። ጓድ ካሣሁን መግቢያው ላይ ቆሟል። ባርኔጣው እስከ ጆሮው ወርዷል። እምሩን ከእግር እስከ ራሱ አየው። እኔ ሳህኑን አስቀመጥኩ፤ በእጄ ይዤው ቢሰበር የእድር ነው።

«ጓድ እምሩ» አለ።

«አቤት።»

መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠና ድምፁን ቀነሰ። «ከጉዞ የተመለሰ ሰው ወዲያው ቀበሌ መጥቶ መመዝገብ እንዳለበት ታውቃለህ?»

«አዎ፣ ጓድ።»

«ነገ ትመጣለህ። መቀስህን ይዘህ።» ግራ ቀኙን አየና ባርኔጣውን አነሣው። አርአያ ጭንቅላቱን ከጎን ከጎኑ ፈግፎት መሃሉን እንደ ዶሮ ኩክኒ ትቶለታል። «የከፍተኛው ስብሰባ ሐሙስ ነው፤ አለቆቼ ሁሉ ይመጣሉ። በዚህ ጭንቅላት ሰው ፊት ልቁም?»

እምሩ ራሱን ነቀነቀ፤ እንባው ገና አልደረቀም። «በዚህማ አይቆሙም» አለ።

የመውጫ ፈቃዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተፈርሞ ወጣ። የሚሠራው ለአንድ ወር ብቻ ነበር። ቀኑ እንዳያልፍበት ስነግረው ቆጣ አለ፦ «የእትዬ አልጋነሽን አርባ ሳላወጣ ወዴት እሄዳለሁ? ሰው ምን ይለኛል?» የሥጋ ዘመዳቸው አልነበረም። አርባው ወጣ፤ ፈቃዱም አብሮት አለቀ። «አሳድሰው» ስለው ሰማንያው መጣ፤ ከሰማንያው በኋላ ተዝካሩ አለ። መድኃኔ ከሮማ «ምን ሆንክ?» ብሎ ስልክ ቢደውል «ሐዘን ላይ ነኝ» አለው። በሕይወት እያሉ በክርክር ያልረቱትን ሰው ሴትዮዋ ሞተው አስቀሩት።

ወንበሩን ከአርአያ መልሶ ወሰደ። ስለ ሮማ ማውራቱን ግን አልተወም፤ እንዲያውም ባሰበት። አሁን አወራሩ እንደ ሰማ ሰው ሳይሆን እንደ ኖረ ሰው ሆነ። «ውጭ አገር ሳለሁ» ብሎ ይጀምራል፤ የሰፈሩ ሰው አንገቱን አቀርቅሮ ያዳምጠዋል፤ አንድም ቀን «የት ነበርክ?» ያለው የለም።

አንድ ቀን ምሳ ላደርስለት ሱቁ ስገባ ከክፍለ ሀገር በቅርቡ ተዛውሮ የመጣ አንድ የቢሮ ሠራተኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አፉን ከፍቶ ያዳምጠዋል።

«ታዲያ ውጭ አገር ኑሮው እንዴት ነው፣ ጋሼ?»

«ጸጥታው ይከብዳል» አለ እምሩ፣ የሰውየውን ጆሮ ወደ ፊት ጎንበስ አድርጎ። «ቀኑ ይረዝማል። በመስኮት ሰው ታያለህ፤ ሰላም ግን አትለውም።»

«ገንዘብ ለመያዝ ትንሽ ቢቆዩ ጥሩ ነበር። ለምን ተመለሱ?»

እምሩ መቀሱን አቆመ። መስታወቱ ውስጥ አየኝ፤ እኔም ሳህኑን እንደያዝኩ አየሁት።

«ለቅሶ ነበረብኝ» አለውና መቁረጡን ቀጠለ።