ለሕመም የተተወ ትርፍ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ሲቆርጥ ሁሌም ከልኩ በላይ ትንሽ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ይተዋል፤ ደንበኛው ነገ ቢወፍር ስፌቱን ፈትቶ ለማስፋት። በዚህ ብልሃቱ ስንቱ ባለ ቦርጭ መርቆታል። ይኸው ብልሃቱ ግን ደረቱን ኦፕራሲዮን ከሆነ በኋላ ሆስፒታል አልጋ ላይ ጉድ ሊሠራው ነበር፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ።

ከግራ ሳንባው ላይ እጢ ያወጡለት የጎድን አጥንቶቹን ፈልቅቀው ነው። በጀርባው የገባች ቀጭን ቱቦ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ታንጠባጥብለታለች። ነርሷ እየመጣች ሕመሙን ከዜሮ እስከ አስር በቁጥር እንዲነግራት ትጠይቀዋለች፤ እሱ ፈገግ ብሎ "ሁለት" ይላታል። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ። ደንበኛ ፊት መርፌ ጣቱን ሲወጋው የሚያወጣት ናት። ነርሷ ዞር ስትል አንሶላውን ጨምድዶ ይይዝና ግንባሩ በላብ ይጠመቃል። ለምን ትዋሻለህ ስለው፣ አሁን ስምንት ካልኩ ነገ ሲብስብኝ ምን ልል ነው አለኝ። ለነገ ትርፍ እየተወ ነው እንግዲህ። ይሄ ሱሪ አይደለም አንተ ሰውዬ ብዬ ጮኽኩበት፤ አልሰማኝም።

ትንፋሹን እየቆነጠረ መተንፈስ ጀመረ። አክታው እንዲወጣ በደንብ ሳል ሲሉት ጉሮሮውን ጠራርጎ ያልፋል። አንድ ቀን ጠዋት እጄን ግንባሩ ላይ ሳደርግ እንደ ካውያ ግሏል። ፈራሁ።

ሐኪሙ ለጉብኝት ሲገባ የባሌ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ፣ ከግርጌ ተቀምጠው ነበር። ጋሼም ከዓመታት በፊት ደረታቸውን ኦፕራሲዮን ሆነዋል። አንድም የሕመም ማስታገሻ ሳይውጡ መዳናቸውን ለቤተሰቡ አውርተው አይጠግቡም፤ ባሌ ጥርሱን የሚነክሰውም ከሳቸው ላለማነስ ነው። አንድ ልማድ አላቸው፤ ሸሚዛቸውን በግራ ጎናቸው በኩል በሁለት ጣት ይዘው ከገላቸው ራቅ ያደርጉታል። ልጆቻችን "ጋሼ መስኮት ከፈቱ" እያሉ ይስቃሉ። ባሌ ሸሚዝ ሲሰፋላቸው ግራውን ሰፋ አድርጎ ነው፤ እንዲያ አድርግልኝ ስላሉት።

ሐኪሙ የባሌን ደረት አዳምጦ ፊቱ ጠቆረ። ሳንባው አየር በደንብ እያስገባ እንዳልሆነ፣ እንዲህ ከቀጠለ የሳንባ ምች እንደሚይዘው ተናገረ። "ሕመሙ ሁለት ከሆነ ለምን አይስሉም?" ብሎ ጠየቀው። ባሌ አልመጣልኝም አለ። እንግዲያው ቱቦዋ አታስፈልግም፣ ትውጣና ኪኒን ይበቃዋል አለ ሐኪሙ። ነርሷ ጓንቷን አጥልቃ ጀርባው ላይ ያለውን ፕላስተር ከዳር መላጥ ጀመረች።

"እየዋሸ ነው" አልኩ።

ባሌ አፈጠጠብኝ። ገላው የኔ ነው፣ አንቺን ምን አገባሽ አለኝ። ሐኪሙ በሚስት አፍ መድኃኒት እንደማይታዘዝ፣ ሕመምተኛው ራሱ መናገር እንዳለበት ገለጸልኝ። ከዚያ ወደሱ ጎንበስ ብሎ፣ በጎድን አጥንቶች መሀል የሚያልፉት ነርቮች በኦፕራሲዮኑ እንደሚጎዱ፣ ሕመሙ አሁን በጊዜ ካልታከመ ቁስሉ ድኖም ሕመሙ ለዓመታት የማይለቃቸው ሰዎች እንዳሉ ነገረው። እኔ የጋሼን ሁለት ጣቶች እያየሁ ነበር።

"ጋሼ፣ እባክዎ ይንገሩት" አልኩ።

"ምኑን?"

"የሸሚዝዎን ነገር።"

ጋሼ መሬት መሬቱን አዩ። ነርሷ ፕላስተሩን እንደያዘች ቆማለች። እኚህ ሰውዬ ዛሬም ጀግና ልሁን ካሉ ባሌ አለቀለት ብዬ አሰብኩ።

"አስር ነበር" አሉ ዝግ ብለው። "ያኔ አስር ነበር፤ ምንም አይደል ብዬ አሳለፍኩት። ዛሬም ጨርቅ ሲነካኝ እሳት ነው። ከዚያ ወዲህ በግራ ጎኔ ተኝቼ አላውቅም። እኔን አትምሰል፣ ወንድሜ።"

ባሌ ኮርኒሱን አየ። እንባው በጆሮው በኩል ወረደ። "ስምንት" አለ። ከዚያ ጨርቅ ሲለካ እንደሚያደርገው ቆም ብሎ አሰበና፣ "ዘጠኝ" አለ።

ነርሷ ፕላስተሩን መልሳ ለጠፈችው፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን ከፍ አስደረገለት። ትንሽ ቆይቶ ባሌ ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ በደንብ ሳለ። የሚያስጠላ፣ አክታ የሞላው ሳል ነበር። እኔ ግን ደስ ብሎኝ አለቀስኩ።

ሐኪሙ ሊወጣ ሲል ጋሼ አጠገብ ቆመና የት እንደሚታከሙ ጠየቃቸው። እኔማ ድኛለሁ አሉት። የነርቭ ሕመም መሆኑን፣ የሚዋጥም ገላ ላይ የሚለጠፍም መድኃኒት እንዳለው፣ ጨርሶ ባይጠፋ እንኳ ማቅለል እንደሚቻል ነግሯቸው፣ ቀጠሮ እንዲይዙ አሳስቦ ወጣ።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። "ይታከማል እንዴ?" አሉኝ።

ባሌ ከአልጋው ሆኖ፣ "ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ሸሚዝ ስሰፋልህ ግራውን ለምን ሰፋ እንደምታስደርገው ጠይቄህ አላውቅም" አለ።

"ብትጠይቀኝስ" አሉ ጋሼ፣ ሸሚዛቸውን በሁለት ጣታቸው እንደያዙ፤ "‹ሁለት ነው› እልህ ነበር።"