ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጠዋት

ሲቀላ ሰፈር፣ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ዘጠኝ ዓመት ስሠራ የሰው ጥፋት ሳርም ኖሬ፣ የራሴን እንደዚያ ማክሰኞ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ሻሺቱ ገብታ አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ይህች ልጅ በየጠዋቱ አባያ ዳር እየወረደች የሐይቁን ከፍታ ለአንድ ፕሮጀክት የምትለካ ናት። ደብዳቤው ከአለቃዋ ከአቶ ወልደሥላሴ ነው፦ ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም የልኬት ፋይሎች በአንድ ቀን ስለተጻፉ ቤቷ ተቀምጣ የፈጠረቻቸው ናቸው፤ እስከ ዓርብ ካላስረዳች ትሰናበታለች።

«ጋሼ፣ አንድም ቀን ሳልቀር ወርጃለሁ። እንዴት አንድ ቀን ሆነ?»

ቀኑን አየሁት። እኔው ፋይሎቿን ከአሮጌ ላፕቶፕዋ ፕሮጀክቱ ወደሰጣት አዲስ ኮምፒውተር የገለበጥኩበት ቀን ነው። አዲሱ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ይሠራል፤ ሥራውን በጽሑፍ ነው የሚያዙት። ደንበኛ ተሰልፎብኝ ስለነበር «ሲፒ» የምትባለዋን የመገልበጫ ትእዛዝ ብቻ ጽፌ ተገላገልኩ። ትእዛዟ ደግሞ ያዢ ካላሏት የተጻፈበትን ቀን አትይዝም፣ ይዘቱን ብቻ ነው የምትወስደው፤ ፋይሉ ሁሉ የተገለበጠበትን ቀን ይለብሳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኔ ነኝ። በጣም አፈርኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳት።

ደግነቱ አሮጌው ላፕቶፕ ሊሸጥ እኔ ዘንድ ተቀምጧል፣ ገና አላጸዳሁትም። ዲስኩን ነቅዬ ከአዲሱ ጋር አገናኘሁትና አሁን «አርሲንክ» የምትባለዋን ሌላ የመገልበጫ ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ሁሉንም ከነቀኑ እንዳለ አምጪ የምትላትንም ፊደል ጨመርኩ። ቀኖቹ ተራ በተራ መጡ። ደስ አለኝ፣ ሰዓቱን እስካይ ድረስ። ሁሉም ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ የተጻፉ ናቸው።

«በዚያ ሌሊት ሐይቁ ዳር ከአዞ ጋር ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት። የምሬን ነው፣ ማወቅ ፈለግሁ።

«እኔ የምለካው ጠዋት አንድ ሰዓት ነው» አለችና የእጅ ሰዓቷን አሳየችኝ። የላፕቶፑን ሰዓት በዚያ ነበር ያስተካከለችው። ኮምፒውተሩ ደግሞ እንደ ፈረንጅ ስለሚቆጥር፣ አንድ ሰዓት ሲሉት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው፣ የእኛ የሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው የሚመስለው።

«በአንድ መስመር ስድስት ሰዓት ልጨምርበት?»

«አይሆንም፣ ጋሼ። ሰዓቱን ከነካነው ቀኑንም ነክታችኋል ይሉናል።»

ኮምፒውተሩን ይዘን አብረን ቢሮ ሄድን። ጥፋቴንም የሰዓቱንም ነገር ለአቶ ወልደሥላሴ ራሴ ነገርኳቸው። ሰውየው መነጽራቸውን አድርገው የፋይሎቹን ቀንና ሰዓት ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አዩ፤ አንድ ሰዓት ከአምስት፣ አንድ ሰዓት ከስምንት፣ አንድ ሰዓት ከሦስት።

«የምትዋሽ ብትሆን ሰዓቱን ታሳምረው ነበር» አሉ ለራሳቸው። ቀጥለው አንዱ ላይ ቆሙ። «የጥምቀት ዕለትም ወርደሻል?»

«ታቦቱን ለማጀብ ከመሄዴ በፊት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «በይ፣ ተሳስቻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ከሷ ይልቅ እኔ ተንፈስ አልኩ። ለመነሳት ስዘጋጅ እሷ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።

«ውሸታም ያሉኝ በጽሑፍ ነው» አለች በቀስታ። «ይቅርታውም በጽሑፍ ይሁንልኝ። ቀኑም ይኑርበት።»

አቶ ወልደሥላሴ ወረቀት ሳቡ።