ጥላ በእግር ሲለካ

ጀብሪልን ቁጣው አፍንጫው ላይ ነው ይሉታል፤ አልተሳሳቱም። ግን እስቲ አላህ ይፍረድ፦ ሰባት ዓመት ያለፋት ልጅ «ስምንትና አምስት ስንት ነው?» ስትባል ከአውራ ጣቷ አንድ ብላ ስትጀምር ማየት ማንን አያሳርርም? ስምንት ጣት ትዘረጋለች። አምስቱን ልትጨምር ስትል ሁለት ጣት ብቻ ይቀራታል። ግራ ይገባትና እንደገና ከአንድ ትነሳለች።

«ጣትሽን ተይና በጭንቅላትሽ አስቢ!» ይላታል።

ልጁ ዘይነባ እሺ ብላ ጭንቅላቷን በሁለት እጇ ትይዛለች። ከዚያ ጸጉሯ ውስጥ ጣቶቿ አንድ በአንድ ሲንቀሳቀሱ ያያቸዋል።

ያ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ዳቦ ለሁለት ገምሶ ሲሰጣት «አነሰኝ» ትላለች፤ ያንኑ ግማሽ አራት ቦታ ቆርሶ ሲመልስላት «አሁን በዛልኝ» ብላ ትስቃለች። በመጨረሻ አንድ ዘዴ አገኘ፤ ስታጠና እጆቿን ከጭኗ ሥር አስገብታ እንድትቀመጥባቸው አዘዛት። ዘይነባ ተቀመጠችባቸው። ከዚያ ወዲያ «ስምንትና አምስት» ሲላት ዝም ብላ ታየው ጀመር።

አስተማሪዋ አለሚቱ ይህን ሰምታ አስጠራችው።

«ጣቷን አይከልክሏት» አለችው። «ቁጥሩ አሁን ያለው ጣቷ ላይ ነው። ጊዜው ሲደርስ ራሱ ወደ ውስጥ ይገባል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰሙም?»

«የእኔዋ እንቁላል እግር ልታወጣም አላሰበች» አለ ጀብሪል። «ደደብ ናት በይኝና ልረፈው።»

«ይቺን ቃል ቤትዎ ውስጥ አይጣሏት» አለች አለሚቱ ኮስተር ብላ። «ልጅ የወደቀ ነገር ያነሳል።»

እያጉረመረመ ወጣ። እንቁላልም፣ አስተማሪም፣ ሁሉም አንገሽግሾታል።

ከግራና ከተማ ወረድ ብላ ባለችው በእነ ጀብሪል ሰፈር የመስኖ ውሃ በተራ ነው፤ ለአንድ ገበሬ በስምንት ቀን አንዴ ይደርሰዋል። ተራው የሚለካው በሰዓት አይደለም። አንድ ሰሞን በስልክ ይሁን ተብሎ ነበር፤ የአንዱ ስልክ ከሌላው እየቀደመ በአካፋ ሊፋለጡ ስለደረሱ ተራውን የሚዳኙት የውሃ አባት፣ አባ አብዱልሐሊም፣ ወደ ድሮው ልማድ መለሱት። ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ጥላውን በእግሩ ይለካል። ከቀትር ጀምሮ ሲያጠጣ የቆየ ገበሬ ጥላው ዘጠኝ እግር ሲሞላ ተረኛውን ጠርቶ ያስረክባል። ተረኛው ሳይጠራ ወደ ቦዩ መውረድ ነውር ነው።

በጥር ወር፣ ተራው የጀብሪል በሆነበት ቀን፣ ሽንኩርቱ ላይ ተባይ ታየ። ችግኙ ከተተከለ ገና ሳምንቱ ነው። ለመድኃኒቱ መርሳ ከተማ መሄድ አለበት። ሚስቱ ዓቢዳ እናቷን ልታስታምም ወልድያ ከሄደች ሰነባብታለች። ቤት ያለችው ዘይነባ ብቻ ናት። ወይ ጣጣ! ውሃውን ራሱ ከፍቶ በየመደቡ አስገባና ልጁን ጠራት።

«ጥላሽ ዘጠኝ እግር ሲሞላ ተረኛውን ኡበይደላን ጥሪው። ዘጠኝ! እስከ ዘጠኝ መቼም ጣትሽ ይበቃሻል።»

ዘይነባ ወዲያው ባዶ እግሯን ጥላዋ ላይ አሳርፋ ልትሞክር ጀመረች። ጀብሪል እግሯን አየና ሳቁም ንዴቱም አንድ ላይ መጣበት።

«ይቺም እግር ሆና! በዚችማ ሽንኩርቱ ገና ሳይጠግብልን ዘጠኝ ብለሽ ልታስረክቢው ነው። በይ፣ የእኔን ጫማ አጥልቂና በሱ ለኪ።»

መርሳ ለመሄድ ቆዳ ጫማውን ስላደረገ የላስቲክ ጫማውን ቦዩ ዳር ትቶላት ሄደ። መንገድ ላይ፣ ይቺን በማሰቡ፣ በራሱ ትንሽ ኮራ።

መርሳ ላይ ያልገጠመው ነገር የለም። የመጀመሪያው ሱቅ መድኃኒቱ አልቋል፤ የሁለተኛው ባለቤት ምሳ ሄዷል፤ ሚኒባሱ ደግሞ አንድ ሰው ጎደለኝ ብሎ አልነቃነቅ አለ። ጀብሪል ረዳቱን ሲሰድብ፣ ረዳቱም ሲመልስለት፣ የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ። ሰፈሩ ሲደርስ ገና ከሩቁ የኡበይደላን ድምፅ ለየው።

ቦዩ ዳር ሰው ተሰብስቧል። ኡበይደላ አካፋውን እንደያዘ ይጮሃል። «ወላሂ ዐስርን ሰግጄ ቆሜ ጠበቅሁ! ይጠሩኛል ብዬ ጠበቅሁ! የእኔን ውሃ ሙልጭ አድርጋ ለናንተ ሽንኩርት አጠጣችው!» መሀል ላይ ዘይነባ የአባቷን ጫማ እንዳደረገች ቆማለች። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ውጧታል።

የጀብሪል ደም ፈላ። «አንች ልጅ! ዘጠኝ አላልኩሽም? ዘጠኝ መቁጠር አቃተሽ?»

«ዘጠኝ ነው የቆጠርኩት፤ ያኔውኑ ጠራሁት» አለች ዘይነባ።

«ዝም በሉ» አሉ አባ አብዱልሐሊም በከዘራቸው መሬቱን መታ አድርገው። «ነይ ልጄ፣ እንዴት እንደለካሽ አሳይኝ።»

ዘይነባ ጥላዋ የጭንቅላቷ ጫፍ ያረፈበት ላይ ድንጋይ አስቀመጠች። ከዚያ ትልቁን ጫማ እየጎተተች፣ ተረከዙን ከፊተኛው ጫፍ እያገጠመች፣ ጮክ ብላ ቆጠረች። ጥላው ከዚያ ወዲህ ረዝሟልና አሥር ላይ ደረሰች። ሽማግሌው የራሳቸውን ለኩ፤ አሥራ አምስት ሆነ።

«አሁን ጫማውን አውልቂና በራስሽ እግር።»

«ኧረ አባ፣ በዚች እግርማ ሠላሳ ይሆናል!» አለ ከሰዉ መሀል አንዱ። ሁሉም ሳቁ። ጀብሪልም አብሮ ሊስቅ ሞከረ።

ዘይነባ በባዶ እግሯ ቆጠረች። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት። ድንጋዩ ጋ ደረሰች።

ሳቁ ቆመ። ኡበይደላ እንኳ አካፋውን ዝቅ አደረገ።

«ትንሽ ሰው ትንሽ ጥላ አለው፤ ትንሽ እግርም አለው» አሉ አባ አብዱልሐሊም። «አላህ ሲፈጥረን መለኪያችንን አብሮ ሰጥቶናል። የትልቅ ሰው ጫማ በትንሽ ጥላ ላይ ካረፈ ግን ቁጥሩ ያንሳል፣ ጊዜው ይረዝማል። እንግዲህ ደንባችንን ታውቃላችሁ። ልጅ ተሳስታ ከሆነ ልጅ ናት፣ እናልፈዋለን። ባለውሃው ያዘዘው ከሆነ ግን የሚመጣው ተራው ለኡበይደላ ይሆናል። ልጄ፣ የአባትሽን ጫማ አድርጊ ያለሽ ማነው?»

ጀብሪል ሽንኩርቱን አሻግሮ አየ። ተራው ከተወሰደ ሽንኩርቱ አሥራ ስድስት ቀን ውሃ አያይም። ሳምንት የሆነው ችግኝ አሥራ ስድስት ቀን! የዓመት ልፋቱ ነው። ዝም ቢል ደግሞ ማንም አልሰማ፤ ልጅ ናት ተብሎ ያልፋል። ዘይነባ ቀና ብላ አየችው። ፊቱ ላይ ምን እንዳነበበች እሱ አያውቅም።

«ማንም አላለኝም» አለች። «እኔ ደደብ ስለሆንኩ ነው።»

ቃሉ የራሱ ነው። አነጋገሩም የራሱ ነው፤ ከሱ ቤት የተነሳ፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ። ጀብሪል በኡበይደላ ተናደደ፤ በአባ አብዱልሐሊም ተናደደ፤ በሚኒባሱ፣ በመርሳ፣ በመምህርቷ እንቁላል ተናደደ። ማረፊያ ሲያጣ ንዴቱ ወደ ራሱ ዞሮ ደረቱ ውስጥ ተወሸቀ።

«ውሸቷን ነው!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ነኝ ያዘዝኳት! ልጅቱማ በእግሯ ልትለካ ጀምራ ነበር። እግርሽ አይረባም፣ በእኔ ጫማ ለኪ ያልኳት እኔ ነኝ። ያዘዝኳትን ነው ያደረገችው። ተራውንም ውሰዱት፣ እዳው የኔ ነው!»

አባ አብዱልሐሊም ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ተራው ለኡበይደላ ሆነ። ኡበይደላ አፍሮ ይሁን ረክቶ ሳይታወቅ ውሃውን ወደ ማሳው መለሰ። ሰዉም እየተበተነ ሄደ።

አባትና ልጅ ሽንኩርቱ ዳር ቀሩ። ጀብሪል ጫማውን አንስቶ ጭቃውን እያራገፈ ነው።

«አባየ፣ ውሃው መቼ ነው የሚመጣልን?»

«ስምንት ቀን፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ስምንት ቀን። ራስሽ ቁጠሪው።»

ዘይነባ የቦዩ ግድብ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ሁለቱን እጆቿን ከጭኗ ሥር አስገብታ፣ ተጭናባቸው፣ አፏን ጥርቅም አድርጋ ታየው ጀመር።

ጀብሪል ቆሽቱ አረረ። «አውጫቸው!» አለ። ድምፁ እንደ ወትሮው ሸካራ ነበር፤ ሌላ ድምፅ የት አባቱ ያምጣ! «እጅሽን አውጭና ቁጠሪ እንጂ!»

አወጣቻቸው። ስምንት ጣት ዘረጋች። ዘጠኝ፣ አሥር አለችና አለቀባት። ስድስት ቀን ቀርቷታል፤ ጣት ግን የለም። እንደ ልማዷ ከአንድ ልትጀምር ጣቶቿን አጠፈች።

«አታጥፊያቸው» አለ ጀብሪል። አጠገቧ ተቀመጠና ጭቃ የነካቸውን ሁለት እጆቹን ጭኗ ላይ ዘረጋላት። «ከዚህ ቀጥይ። ደግሞ ቶሎ በይ፣ ሊመሽብን ነው።»

ዘይነባ እጆቹን ትንሽ አየቻቸው። ከዚያ አውራ ጣቱን ያዘች።

«አሥራ አንድ» አለች።