ሞቶ የሚነሳው ጀግና

«መምህር፣ እባክዎ አንዴ ይውረዱልኝ» የሚል ድምፅ ከታች ሲመጣ ባንታምላክ መሰላል ላይ ቆሞ የአንድ ፋርማሲ ታፔላ ይቀባ ነበር። ቁልቁል ሲያይ ወርቂ ናት፤ የኣድያም አክስት። ከካምፕ እስከ ገዳሪፍ ገበያ ያለው መንገድ አቧራ ቅንድቧ ላይ ሳይራገፍ ቆሟል።

«ልጅቷስ?» አላት ብሩሹን እንደያዘ።

«ሱቁ በር ላይ ትጠብቅዎታለች። እኔ እሷ ሳትሰማ አንድ ነገር ልለምንዎ ነው ቀድሜ የመጣሁት።»

ባንታምላክ ወረደ። ጎንደር ውስጥ የሥዕል አስተማሪ ነበር። ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ ሲዘጋ፣ ለአንድ የሰሊጥ አጨዳ ብቻ ብሎ በመተማ ተሻገረ። ከኋላው መንገዱ ተዘጋ፤ ከፊቱ ያለው አገርም ቀድሞ እየነደደ ነበር። ገዳሪፍ ላይ እንደቆመ ቀረ፤ ሁለት ዓመት ሆነው። ኣድያምን ያወቃት ያኔ ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ ከሑመራ ሸሽታ ካምፕ የገባች፣ አሁን አሥራ ዘጠኝ የሞላት ልጅ ናት። አንድ የገበያ ቀን ታፔላ ወደሚሠራበት ሱቅ መጥታ የተረፈ ጥቁር ቀለም ለመነችው። ምን ልታደርጊበት ነው ሲላት ያሳየችው ሥዕል ቁጭ አደረገው። ከዚያ ወዲህ እየተመላለሰች ትማራለች። ከየት ከየት እንደመጡ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ግን አንስተውት አያውቁም።

«ደላላ ይዛለች መምህር» አለች ወርቂ። «ሐሙስ በሊቢያ መንገድ ሊወስዳት ነው። ‹መምህር ሥራሽ ጥሩ ነው ካሉኝ ወደ ካምፓላ ልኬ እጠብቃለሁ፤ አይረባም ካሉኝ ግን እዚህ ምን ይዞኝ እቀመጣለሁ› ብላኛለች። ጥሩ ነው ይበሏት። በእመቤቴ፣ ሌላ ነገር እንዳይሏት።»

«አንብቤዋለሁ እኮ። ሦስት ጊዜ።»

«እና?»

ብሩሹን ጠራርጎ ወደ ሱቁ አመራ፤ ወርቂም ተከተለችው። ሥራው ስልሳ አራት ገጽ ነው። ኣድያም ማንጋ የሚሉትን የጃፓኖች ሥዕላዊ ታሪክ በስልክ እያየች ያደገች ናት፤ የራሷንም እንደዚያው አድርጋ ሠራችው። አራት ጓደኛሞች ጌም ሲጫወቱ ጌሙ ውጧቸው መውጫ ያጣሉ። ካምፓላ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት እንዲህ ያሉ ሥራዎችን እየሰበሰበ መሆኑን ሰምታ፣ ከመላኳ በፊት ለእሱ ትታለት ሄዳ ነበር።

ሱቁ በር ላይ የተገለበጠ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ሰላምታውን እንኳ ሳታስጨርሰው «ከጥሩው ይጀምሩልኝ» አለችው።

ባንታምላክ ጀመረ፤ እዚህ ላይ መዋሸትም አላስፈለገውም። «ዓለሙን አቁመሽዋል። ከተማው የት እንዳለ፣ ወንዙ በየት በኩል እንደሚያልፍ ከሦስተኛው ገጽ በኋላ አንድም ጊዜ አልጠፋብኝም። ከማጨጃ መኪና ብረት የሠራሽው ጭራቅ ደግሞ፣ እኔ እርሻ ላይ የዋልኩት ሰው እንኳ ፈርቼዋለሁ። የጌሙ ሕግም ግልጽ ነው። ጀግናውም...» ወደ ወርቂ አየት አደረገ። «ጀግናውም ጥሩ ነው።»

ኣድያም ወደ አክስቷ ዞረች። ወርቂ የቀለም ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ትመረምር ነበር፤ ቀለም ገዝታ ግን አታውቅም።

«ሓትኖ ምን አለችዎ?» አለችው፣ አክስቷን በትግርኛ እየጠራች።

«ምንም።»

«መምህር፣ አንድ መስመር ሲጣመምብኝ ዝም ብለውኝ አያውቁም። ዛሬ ስልሳ አራት ገጽ ሙሉ ቀጥ አለልኝ?»

ባንታምላክ አብሮት ሰሊጥ ያጨደውን እንዳለው የሚባል ጓደኛውን አስታወሰ። በዚያው በሊቢያ መንገድ ሄዶ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ለባንታምላክ ስልክ ተደውሎ የተሰማው፣ አጋቾች ሲገርፉት የሚጮኸው ጩኸት ነው። አንድ ቃል ዋሽቶ ይህችን ልጅ ከዚያ ማስቀረት ይችላል። ግን ማተሚያ ቤቱ ሥራውን የመለሰባት ቀንስ? ያኔም መንገዱ ይኖራል፤ ያኔ ግን የምታምነው ሰው አንድም አይኖራትም።

«ልጁ አሥራ አንድ ጊዜ ይሞታል» አላት። «አሥራ አንድ ጊዜም ያው ምንጭ ዳር ይነቃል። መጀመሪያ ሲሞት ደንግጫለሁ። ሁለተኛው ላይ ፈገግ አልኩ። ከዚያ ወዲያ እሱ ሲሞት እኔ ገጽ እገልጣለሁ።»

«የጌሙ ሕግ ነው።»

«ሕጉን ያወጣሽው አንቺ ነሽ።»

«እሺ። ሌላስ?»

«ጓደኞቹ። ሦስቱንም ጸጉራቸውን ብትላጪያቸው ማን ማን እንደሆነ አላውቅም።»

ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ግን ተወችው። «ሌላስ?»

«መውጫው። ሌቭሉ መቶ ሲሞላ በሩ ራሱ ይከፈትለታል። ይህን ሌላ አገር ያለ ሰው ያምንሽ ይሆናል። እኔና አንቺ ግን እዚህ ተቀምጠን እንዴት እናምነዋለን?»

ወርቂ ጣሳ ጣለች። ማንም አላነሳላትም።

«ከሁሉ የበለጠችብኝ ውሃ ሻጯ ናት» ብሎ ቀጠለ። «ያቺ ‹ውሃ ትፈልጋለህ?› ከማለት በቀር ሌላ ንግግር የሌላት። ጌሙ የፈጠራት ሰው ስለሆነች ውጭ የምትሄድበት ቤት የላትም። በሩ ሲከፈት ልጆቹ ሮጠው ይወጣሉ፤ እሷ ጀሪካኗን እንደያዘች ታያቸዋለች። እዚያ ላይ ስደርስ ተነስቼ ወጣሁ፤ መቀመጥ አልቻልኩም።»

«እሷን እኮ ስለታከተኝ ነው እንደዚያ ያደረግኳት። ሌላ ንግግር መጻፍ ደክሞኝ።»

«ይሁን።»

«ያለችው አራት ሥዕል ላይ ብቻ ነው።»

«የተናደድኩብሽም ለዚያ ነው።»

ኣድያም ወረቀቶቹን ሰብስባ በላስቲክ ጠቀለለች። «አመሰግናለሁ መምህር» አለችው፣ ቢሮ ውስጥ ላለ ሹም በምትናገርበት ድምፅ። ወርቂ ግን ዘወር ብላ እንኳ አላየችውም።

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ ባንታምላክ ታፔላው ላይ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ አሳስቶ ጻፈና ጠረገው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሳሳት ብሩሹን ጋዝ ውስጥ ነክሮ ተወው፤ ነገ ሐሙስ ነው፣ ካምፕ ሄዶ ሊያያት ወሰነ። ከከተማ ለመውጣት ተስሪህ ያስፈልጋል፤ እሱ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ የሚባል ኖሮት አያውቅም። አምና ኬላ ላይ ተይዞ ሦስት ቀን ታስሯል። ወደ ካምፕ ሽንኩርት የሚያመላልስ አንድ የሚያውቀው ሱዳናዊ ሾፌር ነበር፤ ለመነው።

«ሠራተኛዬ ነህ፤ ኬላው ላይ አንተ አትናገርም» አለው ሾፌሩ። «ግን አሥር ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። ያለ እኔ ከዚያ አትወጣም፤ ሰማህ?»

ወታደሩ ሽንኩርቱን እንጂ እሱን አላየውም። አለፉ።

ኣድያም ከመጠለያቸው ፊት ሰሌን ላይ ተቀምጣ ምላጭ ይዛ ነበር። ባንታምላክ እርምጃውን አፈጠነ። ቀረብ ሲል ግን ከጀግናው ራስ በላይ የተጻፈውን የሌቭል ቁጥር ከወረቀቱ ላይ ቀስ እያለች እየፋቀች ነው። ወርቂ አየችው፤ ደህና ዋሉም አላለችው። ሆኖም በእግሯ አንድ ባዶ ጀሪካን ወደ እሱ ገፋችለት። ተቀመጠበት።

«ደላላውን ምን አልሽው?»

«በቦታዬ ሌላ ሰው ውሰድ አልኩት። በሚቀጥለው ወር ሌላ መኪና አለ ብሎኛል።»

«እና?»

«እና አላውቅም መምህር። አያስምሉኝ።»

አላስማላትም። ከመጠለያው ጀርባ ሰዎች በትግርኛ ስለ ራሽን ይጨቃጨቃሉ። ምላጩ ወረቀቱን ይቧጭራል።

«የእርስዎን ቃል ሰምቼ ችግር ውስጥ ገባሁ» አለችው ቀና ሳትል። «አሁን አንዴ ከሞተ አይነሳም አልኩ። ገጽ ዘጠኝ ላይ ሞተ። የቀረውን ሃምሳ አምስት ገጽ ማን ይሸከመው?»

«ውሃ ሻጯ።»

«እሷ አንድ ንግግር ብቻ ነው ያላት።»

«ሁለተኛውን ፈልጊላታ።»

«ቀላል አድርገው ያወራሉ! እሷ ማንንም አታድንም። የትም አትሄድም። እንዲህ ያለ ሰው መጽሐፍ ይሞላል?»

ባንታምላክ ጎንበስ ብሎ ገጽ ዘጠኝን አየ። ጥያቄው የእሱም ነበር፤ ጧት ጧት መሰላሉን ሲወጣ ራሱን ይጠይቀዋል።

ከመንገዱ በኩል ጡሩምባ ተነፋ። አንዴ፤ ቀጥሎም ሁለት ጊዜ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ያላ፣ ዞል! ና እንጂ ሰውዬ፣ ኬላው ሊዘጋ ነው!» እያለ ጮኸ።

ኣድያም ምላጩን አቆመች። ወርቂም ከበሩ ላይ ሆና አየችው። ዛሬ እዚህ ከቀረ ማን ያስወጣዋል? እዚህ ስሙ የትም አልተመዘገበ፤ ራሽን አይሰጡት፤ ከተማ ያለው ሥራውም ነገ ጧት ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«ሂድ» አለው ሾፌሩን በዐረብኛ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «አትጠብቀኝ።»

ጫማውን አውልቆ ሰሌኑ ላይ ወጣና ገጽ ዘጠኝን ወደ ራሱ ሳበ።