ባሻ ድምፁን መቅበር አልተቻለም

ባሻ ድምፁ የተወለደው ኢድሪስ የሚናገረው በጠፋበት እሑድ ነው። ይሄን የሚክድ የላፍቶ ሰው ካለ ያን ቀን ታሞ የተኛ ነው፤ የቀረው ሁሉ አዳራሽ ውስጥ ነበር።

ዘመኑ ደርግ ወድቆ ብዙም ያልቆየበት ነው። እኔና ጓደኛዬ ኢድሪስ በቀበሌው አዳራሽ እሑድ እሑድ አጫጭር ድራማ እንሠራለን። እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቁሜያለሁ፤ ማለቴ እሱ ነው ያቆመኝ። ኢድሪስ ግን አሥራ ሁለተኛን ስለጨረሰ ድርሰቱ የእሱ ነው። የሚጽፈውም ምክር ብቻ ነው፤ ችግኝ ትከሉ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ በጊዜ ግቡ። ተመልካቹ ቁጭ እንዳለ ይተኛል። አንዱን ሰውዬማ አዳራሹ ተቆልፎበት በሳምንቱ ስንመጣ እዚያው ወንበሩ ላይ አገኘነው። ዓይኑን አሻሸና «ተጀመረ?» አለን።

በዚያ እሑድ ኢድሪስ አባት ሆኖ ልጁን ሊመክር አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ዓይኑን እኔ ላይ አፈጠጠ። እጄ ላይ ያለው የድርሰቱ ወረቀት ነው፤ የኢድሪስን ጽሑፍ ደግሞ እንኳን እኔ ራሱም አያነበውም። ወረቀቱን ጠቀለልኩና፣ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ጋሽ ግዛው ሰው የሞተ ለት ማለዳ እንደሚያደርጉት፣ አፌ ላይ ደግኜ ነፋሁት።

«ጡጡጡጥ! እድርተኞች! የሰፈራችን የቧንቧ ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲማቅቅ ቆይቶ ዛሬ አርፏል! ቀብሩ እዚያው ቧንቧው ሥር ነው! ባልዲ ያላችሁ ባልዲያችሁን ገልብጣችሁ ድረሱ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጣሪያው አንድ ክንድ ተነሥቶ ተመልሶ ቁጭ አለ፤ ቆርቆሮው ዛሬም ድረስ የሚያፈሰው ለዚህ ነው።

በሳምንቱ ገና መድረክ ላይ ሳንወጣ «ያ ሰውዬስ?» የሚል ጩኸት መጣ። ሰውዬው ስም እንኳ አልነበረውም! እዚያው መጋረጃ ጀርባ ባሻ ድምፁ አልነው። ከኢድሪስ አጎት የወታደር ካፖርት ተዋስንለት። ጫማ ሲጠፋ አንዱን እግር የእኔን፣ አንዱን የኢድሪስን አጠለቅሁለት፤ አነካከሱ ከዚያ መጣ። ሰው ግን «የጦርነት ቁስል ነው» ብሎ ከንፈሩን መጠጠለት። ቀጥሎ ምላስ አወጣ። «ሟች ደግ ሰው ነበሩ በል ተብያለሁ። ግን ጎረቤታቸው ነኝ፤ እኔን ባትጠይቁኝ ይሻላል!» ማለት ጀመረ። የመንገድ መብራት ሞት፣ የአውቶብስ ሞት፣ የኢድሪስ ፂም ሞት፣ ሁሉንም ለፈፈ። ከሳሪስ፣ ከጎፋ፣ ከሀና ማርያም ሰው ይጎርፍ ጀመር። አንዲት ነፍሰ ጡር እዚያው ስትስቅ ምጥ ያዛትና የወለደችው ልጅ ሳያለቅስ እየሳቀ ነው የወጣው ይባላል። ያለው እኔ ነኝ፤ ግን ይባላል።

ችግሩ የወረቀት ጥሩምባ ለኋላ ወንበር አይሰማም። ኢድሪስ ከመርካቶ የእውነት ጥሩምባ ገዝቶ መጣ። እኔም ልሞክረው ብዬ ጎህ ሲቀድ ካፖርቴን ለበስኩና ከቤታችን ጓሮ ቆሜ አንዴ ነፋሁ። አንዴ ብቻ! ደብረ ዘይት ድረስ ያሉ ዶሮዎች መለሱልኝ።

አንድ ነገር ረስቻለሁ። በእኛ ሰፈር ማለዳ ጥሩምባ ከተሰማ ሰው ሞቷል ማለት ነው።

አፌን ጠርጌ ሳልጨርስ ግማሹ ሰፈር በራችን ላይ ቆመ። ወንዶቹ ድንኳን ተሸክመዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ከበበው የድንኳኑን ምሰሶ በትከሻቸው ይዘው ከፊት ናቸው። እናቴ ወይዘሮ ዘነቡ በሩን ከፍታ ወጣች።

«ማን ሞተብኝ?» አለች።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔማ ይኸው አለሁ!»

«እንግዲያው ማኑሄ ነው! ልጅሽ ነው!»

በአንድ አፍ ለቅሶው ቀለጠ። እኔ ከጓሮ ቆሜ «ወይኔ ማኑሄ፣ ተጫዋቹ! ሸጋው!» ሲሉ ሰማሁ። ወዲያው መውጣት ነበረብኝ። ግን ሸጋ ያለኝ ሰው ከዚያ በፊት ስላልነበረ ጥቂት ቆየሁ። በመጨረሻ ጥሩምባዬን ይዤ ብቅ ስል አቶ ከበበው ምሰሶውን እግራቸው ላይ ጣሉት።

የእድሩ ዳኞች በዚያኑ ቀን ተሰበሰቡ። በሐሰት ጥሩምባ ያስነፋ ቤት ከእድር ይወጣል፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። እናቴ ባሏን የቀበረላት እድሩ ነው፤ ከእኔ ሌላ ዘመድ የላትም።

«የሰው ድንኳን ሥር ሽንኩርት ስከትፍ ኖሬ እኔን ማን ሊቀብረኝ ነው?» አለች። ዱላ ብታነሣ ይሻለኝ ነበር፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

አቶ ከበበው ወደ እኔ ዞሩ። እኚህ ሰው በሰርጋቸው ቀን እንኳ አልሳቁም ይባላል።

«እናትህ በእድሯ እንድትቀር ከፈለግህ ያንን ሰውዬህን እሑድ በአባሉ ሁሉ ፊት ትቀብረዋለህ። ሁለተኛ ላይነሣ!»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። የእድሩ ሰዎች የፊቱን ወንበር ይዘዋል፤ ጋሽ ግዛው ጥሩምባቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋደምኩና ኢድሪስ በካፖርቱ ሸፈነኝ። የምሬን ልቀብረው ነበር። ካፖርቱ ሥር ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የናፍታሊን ሽታ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ኢድሪስ የባሻን ሞት ሊለፍፍ አዲሱን ጥሩምባ አነሣ። «ፍስስስ» አለ። ደገመው፤ «ፍስስስ»። እዚህ ላይ መቻል አቃተኝ። ጭንቅላቴን ከካፖርቱ አወጣሁ።

«ጋሽ ግዛው፣ የሙያ ባልደረባዎ ነኝ፤ እባክዎ እርስዎ ይንፉልኝ!»

ጋሽ ግዛው ብድግ አሉ። «ሂድ ወዲያ! እኔ የምነፋው ለእድር አባል ብቻ ነው!»

ለቀልድ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው። አዳራሹ ተንጫጫ። ባሻ ድምፁ ተነሥቶ ቁጭ አለ። «ሊቀመንበር፣ እውነት ነው እንዴ?»

አቶ ከበበው ደንብ ተጠይቀው ዝም ማለት አይችሉም። ቆሙ። «እውነት ነው። አባል ያልሆነ በእድሩ አይቀበርም።»

«ታዲያ እኔ ማን ሊቀብረኝ ነው?»

«አሁኑኑ አባል ሆነህ ትቀበራለህ!»

«ሬሳ አባል ይሆናል?»

«ሬሳማ እንዴት ይሆናል! መጀመሪያ ተነሥ!»

ተነሣሁ። ካፖርቴን አስተካከልኩ። «ይኸው። አሁንስ?»

«አሁን አባል ነህ። ነገር ግን አዲስ አባል ስድስት ወር ሳይሞላው ቢሞት እድሩ አይ...»

እዚያ ላይ ቆሙ። ያሉት ነገር ጆሯቸው ሲደርስ በዓይኔ አየሁት።

እናቴ ከኋላ ወንበር ላይ ተነሣች። «እንግዲህ ልጄ ምን ያድርግ? መሞት ፈልጎ ነበር፤ ደንቡ ከለከለው!»

መጀመሪያ የአቶ ከበበው ጺም ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ትከሻቸው። ከዚያ በዕድሜያቸው ሙሉ የተጠራቀመው ሳቅ በአንዴ ወጣ። የፊቱ ወንበር ተገለበጠ፣ መስኮቱ ተበረገደ፣ አንድ ቄስ ጥምጣማቸውን ለቡ አካባቢ ነው ያገኙት። ሳቁ ጋብ ሲል አቶ ከበበው ዓይናቸውን እየጠረጉ እናቴን ጠሩ።

«እትዬ ዘነቡ፣ በእድርሽ አለሽ። ሰውዬውም ይኑር። ጥሩምባው ግን የወረቀት ይሁን! እኔ ሁለተኛ በከንቱ ምሰሶ አልሸከምም።»

ስለዚህ ወደ ተነሣንበት ወረቀት ተመለስን። የኢድሪስ ድርሰት ለዚህ እንደሚጠቅም ታወቀ። ባሻ ድምፁ ስድስት ወሩ ሊሞላ አንድ እሑድ ሲቀረው ጥፋት ያጠፋል፣ ከእድር ይባረራል፣ በሳምንቱ እንደ አዲስ ይገባል። ሞት ደጅ ላይ ተራ ይዞ ስንት ክረምት ቆመ! የሚያባርሩትም የሚያስገቡትም አቶ ከበበው ራሳቸው ናቸው፤ ከፊት ወንበር ላይ ተነሥተው፣ ያለ ልምምድ። ጋሽ ግዛውም «ለእሱ አልነፋም!» ለማለት ብቻ እሑድ ቀርተው አያውቁም።

እናቴ ዛሬም ለቅሶ ቤት ሽንኩርት ስትከትፍ ለሴቶቹ ታወራለች። «ማኑሄን ሊቀብሩ ድንኳን ይዘው መጥተው ነበር» ትላለች፣ ቢላዋዋን እያነሣች፤ «አቃታቸው!»