በፊት ገጹ ላይ የወጣ ጸሎት

ሉቃስ ሆላንድ ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ የሰው ጸሎት ሰማይ መድረሱን መጠራጠር ጀምሯል፤ የጻፈው ኮድ መሥራቱን ግን ተጠራጥሮ አያውቅም። ደሴ ያለችው ያደገባት ቤተ ክርስቲያን ድረ ገጽ ሥራልን ስትለው ማንም ሳይነካው ራሱን የሚያድስ ገጽ ሠራላት። አዲስ ነገር በተመዘገበ ቁጥር ሰርቨሩ ላይ የጫናት ስክሪፕት የምትባል አጭር ፕሮግራም መዝገቡ ሁሉ ከሚቀመጥበት ዳታቤዝ የመጨረሻዎቹን መዝገቦች ታወጣና ርዕሳቸውን ሊንክ አድርጋ ፊት ገጹ ላይ ትደረድራለች።

ሰኞ ጠዋት የጸሎት ቡድኑን መሪ እትዬ አልታየችን ቢሮ ጠርቶ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጣቸው።

«አንተ ልጅ፣ ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርከው? ማስታወቂያማ ዘበኛችንም በር ላይ ይለጥፋል» አሉት እየሳቁ።

«የዘበኛውን የሚያየው ሰፈሩ ነው፤ ይኼን የትም ያለ ሰው ያየዋል። እስቲ ያንብቡት።»

መነጽራቸውን አስተካክለው ጮክ ብለው ጀመሩ። «የእሑድ ስብከት... የወጣቶች ጉባኤ...» ቀጥሎ ያለው ላይ ድምፃቸው ተቋረጠ። ሉቃስ ሊንኩን ከፈተላቸው።

«ወንድሜ ምንይሉ ከምርጫው ረብሻ ወዲህ ስለሚፈለግ ኮምቦልቻ፣ እህታችን ቡዜ ቤት፣ ከጓዳ ሳይወጣ ተቀምጧል። ጌታ እንዲሰውረው ጸልዩ። አልታየች።»

በዚያች ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ርዕስ ሲሰጥ ስሙም ሰፈሩም አይቀርም፤ ጌታ አድራሻ እንዳይስት ይመስል። ድሮ በብጣሽ ወረቀት ለጸላዮቹ ብቻ ይደርስና ይቀደድ ነበር። ወደ ኮምፒውተሩ፣ ወደዚያው ዳታቤዝ ያዛወረው ሉቃስ ነው። ስብከቱን ከምስጢሩ እንድትለይ ግን ስክሪፕቷን አላዘዛትም።

«ማን ያየዋል ነበር ያልከኝ?»

ሉቃስ መዝገቡን ሰረዘው። ከሥሩ የነበረው ሽቅብ ወጥቶ ቦታውን ሞላ፤ ገጹ ምንም እንዳልጎደለበት ሆነ። የተጻፈው ግን ቅዳሜ ነው፤ እሑድን ለማንም ክፍት ሆኖ ውሏል።

እትዬ አልታየች የቢሮውን ስልክ አነሡ። ቁጥሩን የመታላቸው ሉቃስ ነው። ቡዜ ወዲያው አነሣች፤ እትዬ ስማቸውን ሲነግሯት የፈካው ድምፅዋ ለእሱም ይሰማል።

«እትዬ! ጌታ ይባርካችሁ፣ ወንድሞችን ስለላካችሁልን!»

«የምን ወንድሞች?»

«ከጸሎት ቡድኑ ነዋ! መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። በኋላ የጻፍሽውን ቃል በቃል ሲነግሩኝ ከፈትኩላቸው። አሁን ጓዳ፣ ከምንይሉ ጋር ናቸው።»

«ቡዜ... ሲጸልዩ ይሰማሻል?»

ቡዜ ጆሮዋን ወደ ጓዳው ሳትጥል አልቀረችም።

«አይ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ጸጥ ብለዋል።»